ያልወረዱ ማጭዶች

መተማ ዮሐንስ፣
ታኅሣሥ 9 ቀን 2005 ዓ.ም.

ስልኬን ለማታነሺው፣ ደብዳቤዬን ግን ሳታነቢ አትጥይውም ብዬ ለማምንሽ ለልጄ ለኤልሳቤጥ፤

ከመተማ ሙቀት ወደ ጋምቤላ ሙቀት ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንደምነሽ ልጄ? ጤና ጣቢያው እንዴት ይዞሻል? እዚያ ወባው በርትቷል ሲሉ ሰምቻለሁ። ነርስ ለሆነች ልጅ ስለ ወባ መምከር «ለቀባሪው አረዱት» እንደሚባለው ነው፤ ቢሆንም አባት ነኝና እመክራለሁ፣ አጎበርሽን ሳትዘረጊ አትተኚ። እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴን ያመኛል፣ ስኳሬ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ጩኸቴ ግን እንዳለ ነው። እናትሽም ጎንደር ደኅና ናት። ከእኔ ጋር የምታወራው ስለ በርበሬና ስለሚያፈሰው ጣሪያ ብቻ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ያንቺን ወገን ይዛ እንዳኮረፈች አለች፤ ኩርፊያን ከማን እንደወረስሽ አሁን ገባኝ።

ስንቴ እንደደወልሁልሽ ታውቂያለሽ። በመጨረሻ እናትሽ «አንተ ሰውዬ፣ ጻፍላት እንጂ! ደብዳቤ አፍ የለው፣ አይጮህባት» አለችኝ። እውነቷን ነው። ይኸው ሳልጮህ ቀስ ብዬ ላወራሽ ነው።

ሰሊጡ ዘንድሮ ሸጋ ነበር። ዝናቡ በልኩ ጣለ፣ ነፋስ አልመታውም፤ የታሰረው ነዶ በየሂላው ክምር ተደጋግፎ ቆሞ ፍሬውን ሳያረግፍ ደረቀ። ትራክተር ነጂው ታጠቅ ሰላም ብሎሻል። ስምሽን ሲያነሳ አንገቱን ይደፋል፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እነግርሻለሁ። በሌላ ዓመት ቢሆን ስለ ምርቱ ሁለት ገጽ እጽፍልሽ ነበር። ዘንድሮ ግን ከሰሊጥ የሚበልጥ ነገር አየሁ። ስድሳ ዓመት ኖሬ ያላየሁትን በአንድ ጠዋት አየሁ፤ እስከ ዛሬም ከመደነቄ አልወጣሁም።

እንዲገባሽ ከፈንዱ ልነሳ፤ አንቺ ስትሄጂ ገና ዳዴ ይል ነበር። ሙሐመድጣሂርን ታስታውሻለሽ፣ ከሱዳኗ ገላባት ጋር የሚነግደውን፣ ሕፃን ሳለሽ ቴምር በኪሱ ይዞልሽ የሚመጣውን ሽማግሌ። በ2000 ዓ.ም. ባለ እርሻውን፣ ነጋዴውን፣ መምህሩን፣ የእድር ዳኛውን ሁሉ ገንዳ ውኃ ላይ ሰብስቦ እንዲህ ያለን እሱ ነው፦

«ያ ጀመዓ፣ ለለመነን ሁሉ ሳንቲም ስንወረውር ዕድሜያችን አለቀ። ማን ዳነበት? አሁን ተባብረን አንድ ላም እንግዛ። ላሟን ማረድ የለም፣ ኻላስ! ወተቷን በየዓመቱ እያለብን ለሚያውቁበት ሰዎች እንስጥ።»

ላሟ መጋዘን ሆነች። እኛ ባለ እርሻዎች ከመቶ ኩንታል አንድ ሰጠን፣ ነጋዴው በጫነው መኪና ልክ፣ መምህሩና ነርሱ ከደመወዙ። አንቺም ከመጀመሪያ ደመወዝሽ ሰጥተሻል፤ ስምሽ መዝገቡ ላይ አለ፣ ባየሁት ቁጥር ዓይኔ እንባ ያቀርራል። የቀን ሠራተኛው ሳይቀር «እኛስ ምን በደልን?» ብሎ የአንድ ቀን ጉልበቱን ሰጠ። ገንዳ ውኃ ላይ ትልቅ የሰሊጥ መጋዘን ቆመ። መጋዘኑ ይከራያል፣ ኪራዩ በየዓመቱ ለትንንሽ ማኅበሮች ይከፋፈላል። ሽንፋ ላይ እናት አባት የሌላቸውን ልጆች ከትምህርት በኋላ የሚያስጠኑ መምህራን አሉ። እዚህ ድንበሩ ላይ ከሱዳን ባዶ እጃቸውን የሚመለሱ ሴቶችን የምታሳርፍ ረቢዓ አለች። ፈንዱ ራሱ አያስታምምም፣ አያስተምርም፤ የሚያስታምሙትና የሚያስተምሩት እንዳይወድቁ ይደግፋቸዋል።

እኔ ኮሚቴ የገባሁት ለጽድቅ እንዳይመስልሽ። አባትሽን ታውቂዋለሽ። ከልኩ በላይ ለሰጠ ሰው በስሙ አንድ ንዑስ ፈንድ ይከፈትለታል፣ ስሙም መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ይጻፋል የሚል ደንብ ነበር። ገና ሳልሰጥ ስሜን በእብነ በረድ አስቀርጬ አስቀመጥሁ። ጎንደር እናትሽ አልጋ ሥር አለ፣ መጥረጊያዋ በነካው ቁጥር ትረግመዋለች። እስከዚያው ድረስ የኮሚቴው ሥራዬ የአመልካቾችን ወረቀት መመርመር ነበር። መርማሪ ሆንሁልሽ! ነጥብ የጎደለው፣ ፊርማ የተዛነፈ፣ ማኅተም የደበዘዘ ከእጄ አያመልጥም ነበር።

በነሐሴ 2001 ከኮኪት አንዲት ሴት መጣች። ውዴ ትባላለች፣ ትውልዷ ጎጃም ነው፣ በየእርሻው ለሠራተኛ ምግብ ስታበስል የኖረች ናት። ከስድስት ሴቶች ጋር ሆና በመከር ጊዜ የታመመ ሠራተኛ የሚያርፍበት ቤት ከፍታለች። ከየሀገሩ ለአጨዳ የመጣ ሰው እዚህ ዘመድ የለውም፤ ሲታመም ከእርሻው ይወጣል፣ የሚገባበት ግን የለም። ውዴ የምትጠይቀን ሕመምተኛ የሚያመላልስ አንድ ባጃጅ ነበር። ወረቀቷ በእጅ የተጻፈ፣ ማኅተም የሌለው ነው። «እሜቴ፣ ማኅተም ይዘሽ ነይ፤ ማኅተም የሌለው ማኅበር ማኅበር አይባልም» አልኋት። እጅ ነስታ ሄደች። ማኅተሙን አውጥታ እስክትመለስ ዓመት አለፈ። በመስከረም 2003 መጣች፣ ማኅተሟን ወረቀቱ ላይ ሦስት ቦታ አትማበት ነበር፣ ሳቅሁባት። ባጃጁ ተሰጣት።

ዘንድሮ ለተጨማሪ ክፍልና ለአልጋ ጠየቀች። ኮሚቴው የዓመት ሪፖርቷን አስቀድሞ ፈለገ። የሌሎቹ ማኅበሮች ሪፖርት ፎቶግራፍ አለው፣ ሠንጠረዥ አለው። የእሷ ሁለት መስመር ነው። እንዳለ ልገልብጥልሽ፦ «በ2004 ዓ.ም. የገቡ 212 ሰዎች። ማጭዳቸውን ያወረዱ 210 ሰዎች።» ማኅተም። አለቀ።

«ይሄ ሪፖርት ነው እንቆቅልሽ?» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት። ደግሞም ማጭድ ሲባል ደሜ እንደሚፈላ ታውቂያለሽ። ማጭድ ይዞ ላልመጣ ሠራተኛ የማውሰው እኔ ነኝ፤ እንዳይጠፋብኝም እጀታው ላይ በጋለ ብረት «ን» የምትል የስሜን መጀመሪያ ፊደል አስተኩሼበታለሁ። ቢሆንም በየዓመቱ ይጎድላል። በመከሩ መካከል ከሥራ የሚቀር ሰው ሁሉ ማጭዴን ይዞ ነው የሚቀር። «ሌቦች!» እያልሁ ራት ላይ ስንቴ አሰልችቻችኋለሁ! ሙሐመድጣሂርን «ይችን ሴት ሄጄ አያታለሁ፣ የማይረባ ከሆነ እሰርዛታለሁ» አልሁት። «ተማም፣ ሂድና እይ» አለኝ።

ኅዳር 25 ቀን ጠዋት ከታጠቅ ጋር ኮኪት ሄድሁ። ልሰርዛት ነው የሄድሁት፣ አልዋሽሽም። ቤቱ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። ሁለት የቆርቆሮ ክፍል፣ አንድ ሰፊ ዳስ፣ ተጠርጎ ውኃ የተርከፈከፈበት ግቢ። ፊቱን ወደ ምሥራቅ በሰጠው ግድግዳ ላይ ማጭድ ተሰቅሏል። አንድ ሁለት አይምሰልሽ፤ ግድግዳውን ሞልቶታል፣ የጠዋት ፀሐይ አርፎበት ዓይን ይወጋል። ጠጋ አልሁና አንዱን እጀታ አየሁ። «ን» ይላል። ቀጥሎ ያለውን አየሁ። «ን»። ሦስተኛውም የእኔው ነው።

«ለካ የሌቦቹ ጎተራ እዚህ ኖሯል!» ብዬ ግቢውን በጩኸት አናጋሁት። «ከእኔ እየሰረቁ አንቺ ዘንድ ያከማቻሉ? ለዚህ ነው ፈንድ የሚሰጥሽ?»

ታጠቅ ክንዴን ያዘኝ፤ ገፋሁት። ውዴ ወጣች። ቀጭን፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት ናት። አልተቆጣችም፣ አልደነገጠችም።

«አንቱ ጌታዬ፣ እባክዎ ኸጥላው አረፍ ይበሉ» አለች። «አንድ ልጅ ሊያወርድ ተነሥቷል። እሱ ይሸኝና ያሻዎትን ይናገሩኝ።»

«ምኑን ነው የሚያወርድ?» ስል ከውስጡ ክፍል አንድ ወጣት ወጣ። ዓሊ ይባላል፣ ከወሎ ለአጨዳ የመጣ ልጅ ነው። ልብሱ ከሰውነቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ እግሩ ግን ይራመዳል። ያን ጊዜ መቆም የሚችል ሕመምተኛ ሁሉ ቆመ። መቆም የማይችለውን ሴቶቹ ከነአልጋው አውጥተው ዳሱ አፍ ላይ አስቀመጡት። ዓሊ በመካከላቸው አለፈና ግድግዳው ዘንድ ሄደ። «ቢስሚላህ» አለ። እጁን ዘርግቶ ከመጨረሻው ረድፍ አንዱን ማጭድ አወረደ።

ልጄ፣ እልልታው! ስድስት ሴቶች ናቸው፣ ግን የስድሳ ያህል ነው። ጣፊያው ያበጠው፣ ትኩሳት የሚያንቀጠቅጠው፣ ገና ማታ የገባው ሳይቀር ያጨበጭባል። የሚያጨበጭቡት ለዓሊ ብቻ አልነበረም። እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ማጭድ ዓይተው ነበር የሚያጨበጭቡት። ዓሊ የውዴ እግር ላይ ሊወድቅ ሲል አፈፍ አድርጋ ያዘችው። «እትዬ ውዴ፣ ወላሂ እናቶቼ ሁለት ሆኑ» አላትና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ቆሎ በፌስታል ቋጥራ ሰጠችው። ከስድስቱ አንዷ፣ ባየሽ የምትባለዋ፣ ባጃጁን አስነሥታ ወደ መናኸሪያው ይዛው ሄደች። ባጃጁ ጀርባ ላይ በቀይ ቀለም የፈንዱ ስም ተጽፏል። ያን ባጃጅ በወረቀት ላይ አውቀዋለሁ፣ ተራ ቁጥሩን ሁሉ መርምሬዋለሁ። ሰው ጭኖ ሲሄድ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ያኔ ውዴ ወደ እኔ ዞረች።

«እዚህ የገባ ሁሉ ማጭዱን ይሰቅላል» አለች። «ሥራ የለም፣ ዕረፍ ማለታችን ነው። የዳነው እንዲህ በገዛ እጁ ያወርዳል።»

«የቀሩትስ?» አልኋት። ሳልጠይቃት ገብቶኝ ነበር፣ ቢሆንም ጠየቅሁ።

«የቀሩትማ ባለቤቶቻቸው ግማሾቹ ኸማርያም አጸድ፣ ግማሾቹ ኸመስጊዱ ጀርባ ናቸው። ዘመድ ቢመጣ ያወርዳል ብለን እንጠብቃለን። እስተዛሬ የመጣ የለም።»

በየማጭዱ ላይ ትንሽ ጣውላ ታስራለች። ስም፣ ሀገር፣ ቀን ተጽፎበታል። ኮፍያዬን አወለቅሁና ከላይኛው ረድፍ ጀምሬ አነበብሁ። እኔ ወረቀት መርማሪው፣ እንደዚያ ያለ ሪፖርት አንብቤ አላውቅም። በጠቅላላው ሠላሳ አራት ናቸው። ባጃጁ ከገባ ወዲህ በሁለት ዓመት የተጨመረው ሦስት ብቻ ነው። ሦስት ብቻ! በዚህ ሁለት ዓመት ከአራት መቶ የሚበልጥ ሰው ማጭዱን አውርዶ ሄዷል። አስቢው፣ አንዱ ከመቶ ኩንታሉ አንድ ሰጠ፣ አንቺ ከደመወዝሽ ሰጠሽ፣ ጡብ ተገዛ፣ መጋዘን ቆመ፣ ኪራይ መጣ፣ ባጃጅ ሆነ፣ ባጃጁ አንድን የወሎ ልጅ በሰዓቱ ሆስፒታል አደረሰና ልጁ ዛሬ እናቱ ዘንድ ነው። ያ ጡብ ዓሊን አያውቀውም፣ ዓሊም ጡቡን አያውቀውም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ጌጡን ያየሁት ግን እዚያ ግቢ ውስጥ ነው።

ከዚያ ደግሞ ቀኖቹን አየሁ። ከሠላሳ አራቱ አሥራ ዘጠኙ ውዴ ያለ ማኅተም ከመጣችበት ቀንና ማኅተም ይዛ ከመጣችበት ቀን መካከል የተሰቀሉ ናቸው። አሥራ ዘጠኝ ሰው ልጄ። ማኅተም ይዘሽ ነይ ባልኋት ዓመት።

የእኔ ምልክት ያለባቸው ዘጠኝ ናቸው። በየዓመቱ ጎደሉ እያልሁ የምጮህባቸው። ሌባ የምላቸው ሰዎች ሲታመሙ ተሳቢ ላይ ተጭነው አስፋልት ዳር የወረዱ ሰዎች ነበሩ፤ ከአስፋልቱ ወዲያ እኔ ጠይቄ አላውቅም። ከዘጠኙ የአንዱ ጣውላ እንዲህ ይላል፦ «ቸሩ። ከበለሳ። ኅዳር 17 ቀን 2002። ማጭዱ የሰው ነው።»

«ይሄ መጨረሻ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አልኋት ውዴን።

«ኸአስፋልቱ ዳር፣ ኸኒሙ ዛፍ ሥር ነው ያገኘነው» አለች። «ማጭዱን እንዳቀፈ ነበር። ስንቀበለው እንቢ አለ። የሰው ዕቃ ነው፣ ለባለቤቱ መልሱልኝ ይላል። ትኩሳቱ ሲነሣም እሱኑ ይላል፣ ሲበርድም እሱኑ ይላል። አራት ቀን ቆየ። ሆስፒታል እናድርሰው ብለን የሚያልፈውን መኪና ሁሉ እጅ ነሣን። የሚቆም አላገኘንም፣ ጌታዬ። ያኔ ባጃጁ አልነበረን።»

መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ታጠቅ አጠገቤ ቆሞ ያለቅስ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ያን ዓመት፣ በ2002፣ ለሰንበት እርሻው መጥተሽ የሠራተኞቹ ዳስ ሥር ይኸው ቸሩ ተኝቶ አገኘሽው። ሆዱን ዳሰስሽ። ጣፊያው አብጧል፣ ካላዛር ነው፣ ነገ ዛሬ ሳይባል ሆስፒታል ይግባ አልሽኝ። የሪፈር ወረቀት ጽፈሽ እጄ ላይ አስቀመጥሽ፣ እኔም «እሺ ልጄ» አልሁሽ። ተረኛ ስለነበርሽ ወደ ሥራሽ ተመለስሽ። ከሳምንት በኋላ ሆስፒታል ልትጠይቂው ብትሄጂ የለም። እኔ ዘንድ መጣሽ። «ማጭዴን ይዞ ጠፋ፤ ለመስረቅ የበቃ ሰው ድኗል ማለት ነው» አልሁሽ። «አባዬ፣ አንተ ማጭድ ስትቆጥር ሰው ይጎድልብሃል» ብለሽኝ ወጣሽ። ከዚያ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም።

ልጁን በተሳቢው ጭኖ የወጣው ታጠቅ ስለነበር፣ በገዛ ፈቃዱ መንገድ ላይ የጣለው መስሎሽ እሱንም እንደተቀየምሽው አውቃለሁ። ታጠቅን ማሪው። ታጠቅ እንዲያወርደው የታዘዘበት ቦታ ላይ ነው ያወረደው። ያን ቀን ተሳቢው ሰሊጥ ጭኖ ነበር፣ ወደ ሆስፒታሉ መታጠፍ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር። ያንቺ ወረቀት ከሸሚዜ ኪስ ውስጥ ነበር። ሸሚዙ ሲታጠብ አለቀ።

በማግሥቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ተነሥቼ ለውዴ ቤት የጠየቀችው ሁሉ ይሰጣት አልሁ። ከዚያም የማኅተሙን ነገር፣ የአሥራ ዘጠኙን ነገር፣ የዘጠኙን ነገር አንድ በአንድ ተናገርሁ። ድምፄ ያለ ጩኸት ሲወጣ ሰምተውት ስለማያውቁ ሁሉም አፋቸውን ያዙ። ሙሐመድጣሂር ቀጥሎ «ወንድሜ ንብረት፣ እኔም ያኔ ከጎንህ ተቀምጬ ነበር፤ ማኅተም ስትላት ተው አላልሁህም» አለ። ከእንግዲህ ማኅተም የሌለው ማኅበር ሲመጣ እንዳንመልሰው፣ ከእኛ አንዱ አብሮት ሄዶ እንዲያስወጣለት ደንቡን ለወጥነው። ይህን ለማሰብ ሠላሳ አራት ማጭድ ማየት ነበረብን።

እኔም የዘንድሮውን ትርፌን ለንዑስ ፈንድ ሰጠሁ፤ ለሕመምተኛ ማመላለሻ ብቻ የሚውል ነው። የኮሚቴው ጸሐፊ ሀኒ ቅጹን አወጣችና «በማን ስም ይከፈት ጋሼ?» አለችኝ። የእብነ በረዱን ነገር ሁሉም ያውቃሉ፣ ፈገግ ብለዋል። «ቸሩ በይው» አልኋት። ጻፈች። ቀጥላ «የአባት ስም?» አለችኝ።

የአባቱን ስም አላውቀውም። ሁለት መከር ያጨደልኝን ሰው። የሠራተኞቹን መዝገብ ገልብጬ አየሁት፣ «ቸሩ በለሳ» ብቻ ይላል፤ ሁሉንም የምንጽፋቸው በሀገራቸው ነው። ውዴን ጠየቅሁ፣ እሷም ከትኩሳቱ የተነሣ ሊነግራት አልቻለም። የቀበሩት ቄስም አያውቁም። በለሳ ሰው ልኬ ነበር፤ በለሳ ሰፊ ነው፣ በየቀበሌው ቸሩ አለ፣ «የማን ልጅ?» ይላሉ። እናቱ የት እንዳለች አላውቅም። ልጄ ሱዳን ተሻግሯል፣ ነገ ይመጣል ብላ በር በሩን የምታይ ይመስለኛል። ልጅን መጠበቅ ምን እንደሆነ በዚህ ሦስት ዓመት ትንሽ ተምሬያለሁ፤ የእኔዋ ግን በሕይወት አለች፣ እኔ ላይ ነው እንጂ የተዘጋው ስልኳ።

ማጭዱን ልውሰደው ብዬ ውዴን ለመንኋት። የእኔ ምልክት ያለበት፣ በእኔ ገንዘብ የተገዛ ማጭድ ነው። ውዴ በትሕትና «አይሆንም ጌታዬ፤ አንቱ አይደሉም የሚያወርዱት፣ እናቱ ናት» አለችኝ። እውነቷን ነው። እናቱን አግኝቼ፣ ያደረግሁትን ነግሬያት፣ ኮኪት ድረስ ይዣት መጥቼ፣ ማጭዱን ስታወርድ ከኋላዋ መቆም አለብኝ። ብትረግመኝም እሰማለሁ። ይህን ሳላደርግ ሌላ መከር መሰብሰብ አልፈልግም።

ኤልሳዬ፣ አንቺ ግን ታውቂዋለሽ። ያን ቀን ዳሱ ሥር ተንበርክከሽ ከዚያች ሰማያዊ ደብተርሽ ላይ ስትጽፊ «ስምህ ማነው? የአባትህስ?» ብለሽ ስትጠይቂው እኔ ከጀርባሽ ቆሜ ነበር። እሱም መለሰልሽ። ጥያቄሽን ሰማሁ፣ መልሱን አልሰማሁም። ዓይኔም ጆሮዬም ተሳቢው ላይ ነበር። ደብተሮችሽን እንደማትጥይ አውቃለሁ፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያሉት ሁሉ እዚህ ሣጥን ውስጥ ናቸው፣ ያቺ ሰማያዊ ግን የለችም። ይዘሻት ሄደሻል።

እዚያ ጤና ጣቢያ ስምሽ በተጠራ ቁጥር የእኔ ስም ተከትሎሽ ይጠራል። ይከብድሽ እንደሆን አስባለሁ። ቢከብድሽ አልፈርድብሽም፤ እኔም ስሜን እንደ ድሮው አልወደውም። ነይልኝ አልልሽም። ማሪኝ ማለትም ለእኔ ገና ነው፣ ከእኔ የምትቀድም አንዲት እናት በለሳ አለች። የጋምቤላ ሕመምተኞችሽ ሁሉ ድነው እጅሽን ስመው ይሂዱ። ያስታመምሽው ሁሉ ምርቃቱ ይድረስሽ። ሌላ ምንም ባትጽፊልኝ፣ ሰላምታም ባትልኪልኝ፣ በቁራጭ ወረቀት ላይ የአባቱን ስም ብቻ ጻፊልኝ።

አባትሽ
ንብረት አትክልት